ሁለተኛው ምሽት የት ገባ?

(ከአንድ የትሪዮ ኮንሰርት በፊት ለታዳሚዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰሙ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ቅረቡ። ይህ ሙዚቃ ከቅርብ ሲሰሙት ነው ደስ የሚለው። የቀስቱ መንሸራተት፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ላወራችሁ ነው። ቫዮሊን የምትጫወተውና ፒያኖ የሚጫወተው ባልደረቦቼ ከመድረኩ ጀርባ ጣታቸውን እያሟሟቁ ነው። እኔ ሴሎ እጫወታለሁ። ይህን ፕሮግራም ስናዘጋጅ ወራት ፈጅቶብናል። በእነዚህ ወራት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ከረመ። ዛሬ እናንተንም ላካፍላችሁ።

የምንጫወተው አራት ሥራ ነው። አራቱም ለቫዮሊን፣ ለሴሎና ለፒያኖ የተጻፉ ናቸው፤ እንዲህ በሦስት መሣሪያ የሚጫወቱት ትሪዮ ይባላል። ደራሲዎቹ ፋኒ ሄንዝል፣ ክላራ ሹማን፣ ሊሊ ቡላንዤና ሬቤካ ክላርክ ይባላሉ። አራቱም ሴቶች ናቸው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤቶቨንን የማያውቅ አለ? የለም። ሞዛርትን? እሱንም የማያውቅ የለም። ፋኒ ሄንዝልንስ?

ዝም አላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ስሟን የሰማሁት ሴሎ መማር ከጀመርኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የተማሪነት ደብተሬ በሙዚቃ ደራሲዎች ስም የተሞላ ነበር። አንድም ሴት አልነበረችበትም። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው የሚያመኝ፣ ያኔ ምንም አለማለቴ ነው። አንድም ቀን "ሴቶቹስ?" ብዬ አልጠየቅኩም።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው ስለ እልፍኙ ነው። ሁለተኛው ስለ ሁለተኛው ምሽት ነው። ዋናው እሱ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ። ሦስተኛው እንዴት እንስማ የሚል ነው፤ አጭር ነው።

ወደ እልፍኙ እንግባ።

ይህን ሙዚቃ ቻምበር ሙዚቃ ይሉታል። የእልፍኝ ሙዚቃ ማለት ነው። ጥቂት ሰዎች፣ ፊት ቆሞ የሚመራቸው ሳይኖር፣ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ እርስ በርስ እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው። ሲምፎኒ ለማሰማት ምን ያስፈልጋል? ኦርኬስትራ፣ አዳራሽ፣ መሪ፣ ገንዘብ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ "እሺ" የሚል ባለሥልጣን። ለትሪዮስ? አንድ ፒያኖና ሁለት ወዳጅ። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ሙዚቃ ለምትጽፍ ሴት የኦርኬስትራው በር ጠባብ ነበር። የቤቷ ሳሎን ግን የራሷ ነው። ብዙዎቹ ትልቁን ሐሳባቸውን እዚያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው ስላልኩ ሙዚቃውም ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የፋኒ ትሪዮ ሲጀምር ታዩታላችሁ። ፒያኖው እንደ ደራሽ ውሃ ይወርዳል፤ ቫዮሊኑና ሴሎው በላዩ ላይ አንድ ዜማ ይዘው ይነሳሉ።

ፋኒ የታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ የፌሊክስ ሜንደልሶን ታላቅ እህት ናት። በ1805 ተወለደች። በልጅነታቸው ሁለቱም ከአንድ አስተማሪ ሥር ሙዚቃ ተማሩ። በ1820፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ ደብዳቤ ጻፈላት። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ለፌሊክስ ሙዚቃ ምናልባት ሙያው ይሆናል፤ ለአንቺ ግን ጌጥ ብቻ ነው፣ የሕይወትሽ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ጌጥ። ይህን ቃል ባሰብኩት ቁጥር እጄ ይዝላል። አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚወዳት አባት ነው የጻፈላት። ከባዱም እሱ ነው።

እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም። ከ400 በላይ ሥራዎች ትታ ነው ያለፈችው። ከዘፈኖቿ ስድስቱ በወንድሟ ስም ነበር የታተሙት። በ1842 ፌሊክስ የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን ሊጎበኝ ሄደ። ንግሥቲቱ ከታተሙት ዘፈኖቹ አንዱን መርጣ ዘፈነችለት። የመረጠችው የፋኒን ነበር። ፌሊክስም አልደበቃትም፤ የእህቴ ነው ብሎ ነገራት። እስቲ አስቡት። በዓለም ላይ ኃያል የተባለች ሴት ዜማሽን በቃሏ ይዛዋለች፤ ስምሽን ግን አታውቀውም።

ፋኒ በርሊን በሚገኘው ቤቷ እሑድ እሑድ ኮንሰርት ታዘጋጅ ነበር። ፕሮግራሙን የምታወጣው እሷ፣ ፒያኖ የምትጫወተው እሷ፣ መዘምራኑን የምትመራው እሷ። ዛሬ የምትሰሙት ትሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እዚያ ነው፤ ኤፕሪል 11 ቀን 1847። ለእህቷ ለሬቤካ የልደት ስጦታ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሜይ 14 ቀን፣ ለሚቀጥለው ኮንሰርት እየተለማመደች ሳለ እጇ አልታዘዝ አላት። በዚያው ዕለት አረፈች። 41 ዓመቷ ነበር። ሥራዎቿን በራሷ ስም ማሳተም ከጀመረች ገና ዓመት ቢሆናት ነው። ትሪዮው የታተመው በ1850 ነው። አታሚው ያወጣውን ቅጂ እሷ አላየችውም።

እልፍኙን በዚህ እንተወው። አሁን ሁለተኛው ነጥብ፣ ሁለተኛው ምሽት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር የክላራ ሹማንን ትሪዮ ተጫወትን። ኮንሰርቱ አልቆ ሴሎዬን ሳጥኑ ውስጥ እየከተትኩ ሳለ አንድ አዛውንት ቀረቡኝ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "ሦስተኛው ክፍል ላይ ያቺ ዜማ ከፒያኖው ጀምራ ወደ ቫዮሊኑ ሄደች፤ በመጨረሻ አንቺ ጋ መጣች። እሱን መቼ ነው ደግሜ የምሰማው?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። መልስ አልነበረኝም። ቤቶቨን ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው፣ በቅርቡ ይጫወተዋል። የክላራ ግን? እኛ ሌላ ቀን አልያዝንም። ሌላ የሚጫወት ቡድን አላውቅም። "አላውቅም አባቴ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስለ እነዚህ ሴቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ "ዕድል አላገኙም፣ ሥራቸው አልተሰማም" እንላለን። ታሪኩን ሳገላብጠው ግን አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ምሽት አግኝተዋል። ተጨብጭቦላቸዋል። ጋዜጣ ጽፎላቸዋል። የጎደላቸው ሁለተኛው ምሽት ነው። ሦስተኛው ነው። መቶኛው ነው። አንድ የሙዚቃ ሥራ የሚኖረው ሲደገም ነው። ስዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ይጠብቃል። ሙዚቃ ግን የሚጫወተው ሲያጣ የለም። ወረቀት ብቻ ነው።

ለመደገም ደግሞ ምን ያስፈልጋል? መታተም ያስፈልጋል። አስተማሪ ለተማሪው "ይህን ተለማመድ" ማለት አለበት። ተማሪው አድጎ ለራሱ ተማሪ መስጠት አለበት። ሰንሰለት ነው። አንዱ ቀለበት ከተቆረጠ ሌላው ሁሉ ይወድቃል።

ልዊዝ ፋረንክን እንያት። ዛሬ አንጫወታትም፤ ስለ እሷ ሳልናገር ማለፍ ግን አልችልም። ፓሪስ ውስጥ በታወቀው ኮንሰርቫቶር ከ1842 ጀምሮ ለ30 ዓመት የፒያኖ መምህርት ነበረች። ደመወዟ ከወንዶቹ ባልደረቦቿ ያንስ ነበር። በ1850 ለዘጠኝ መሣሪያዎች የጻፈችው ኖኔት ሲሰማ ከተማው አደነቀ። ቫዮሊኑን የተጫወተው ገና 18 ዓመቱ የነበረው ዮሴፍ ዮአኪም ነው፤ በኋላ የዘመኑ ታላቅ ቫዮሊኒስት የሆነው። ከዚያ ስኬት በኋላ እኩል ደመወዝ ጠየቀች፤ አገኘችም። ለስምንት ዓመት ያልታየ ሚዛን በአንድ ምሽት ተስተካከለ! እንግዲህ የመጀመሪያው ምሽት ይህን ያህል ጉልበት አለው። ሦስቱ ሲምፎኒዎቿ ግን በሕይወት ሳለች አልታተሙም። ባሏ የሙዚቃ አታሚ ሆኖ እንኳ። ያልታተመ ሲምፎኒ ማን ይደግመዋል?

ፍሎረንስ ፕራይስንም አስቧት። በ1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን ተጫወተ። በአሜሪካ ትልቅ ኦርኬስትራ ሥራዋ የተሰማላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ያ ምሽት መንገዱን ሁሉ መክፈት ነበረበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ለቦስተኑ የኦርኬስትራ መሪ ለኩሴቪትስኪ ሥራዬን ተመልከትልኝ ብላ ስትጽፍ፣ ደብዳቤዋን የጀመረችው ሁለት መሰናክል አለብኝ፣ ጾታዬና ዘሬ በማለት ነበር። ኦርኬስትራው አልተጫወተላትም። በ1953 አረፈች። በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ ሴንት አን በምትባል ቦታ፣ ባዶውን የቀረ ቤት የገዙ ሰዎች ሊያድሱት ገቡ። ጣሪያው ተቀዷል። ከውስጥ ግን ክምር ወረቀት አገኙ። የፕራይስ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው የቫዮሊን ኮንሰርቶዋ፣ ማለትም ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፈችው ሥራ፣ እዚያ ውስጥ ነበር። ዝናቡ ትንሽ ወደ ጎን ቢመታ ኖሮ ዛሬ አንሰማውም ነበር። አንድ የሰው ልጅ ሥራ በዝናብ አቅጣጫ ላይ መንጠልጠል አለበት?

ሰንሰለቱን ማን ይቆርጠዋል? ክፉ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሴን ልንገራችሁ።

ተማሪ ሳለሁ ለዓመቱ መጨረሻ ኮንሰርት አንድ ሥራ ይዤ ወደ አንድ አስተማሪ ሄድኩ። የሴት ሥራ ነበር። ኖታውን ተቀበለኝ። ገጹን ሳይገልጥ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አነበበና መለሰልኝ። "ይህ ጊዜ መሙያ ነው። ቁም ነገር ያለው ነገር አምጪ" አለኝ። ቁም ነገር እንዳለው ላያውቅ ይችላል፤ አላየውማ! እኔ ግን አይቼው ነበር። ሌሊት ሌሊት ተለማምጄዋለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ስጫወት ደረቴ ይሞቅ ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? ኖታውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ለብዙ ዓመት አላወጣሁትም። ሌሎች ተማሪዎች አልሰሙትም። ለማንም አላስተላለፍኩትም። ያን ቀን ሰንሰለቱ የተቆረጠው በእኔም እጅ ነው።

ሌላም አለ፤ ሰው የማያየው ነገር ነው። ከዛሬዎቹ ሥራዎች የአንዱን የድሮ ቅጂ ይዘን ልምምድ ጀመርን። መስመሮቹ ቁጥር የላቸውም። "ከየት እንጀምር?" ስንባባል በጣት ስንቆጥር ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የሴሎው ኖታና የፒያኖው ኖታ አይስማሙም። ማንኛው ነው ትክክል? ታዋቂ ሥራ ቢሆን ስሕተቱን ገና ድሮ አንድ ሰው አይቶ አርሞት ነበር። ብዙ ስለሚጫወቱት ብዙ ዓይን ያየዋል። ይህን ግን የሚያርመው አልነበረም፤ የሚጫወተው አልነበረማ። ስላልተደገመ አልታረመም። ስላልታረመ ለመደገም ያስቸግራል። ክፉ ዑደት ነው፣ ወገኖቼ። የሚሰብረው ተጫዋች እርሳስ ይዞ ሲቀመጥ ነው። እኛ ሦስታችን ስንት እርሳስ ጨረስን!

ክላራን አልረሳኋትም። ክላራ ሹማን ከ60 ዓመት በላይ በመድረክ ላይ የቆየች ፒያኒስት ናት። ስምንት ልጆች ወልዳለች። በ20 ዓመቷ ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ልብ ይሰብራል። የመፍጠር ተሰጥዖ ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ያን ሐሳብ ትቻለሁ፤ ሴት ሙዚቃ ልጻፍ ማለት የለባትም፣ እስካሁን የቻለች የለችም፣ እኔ የመጀመሪያዋ ልሆን ነው? ትላለች። ልብ በሉ፤ "የቻለች የለችም" ነው ያለችው። ነበሩ እኮ! ከእሷ ሁለት መቶ ዓመት ቀድማ የተወለደችው የቬኒሷ ባርባራ ስትሮዚ ስምንት ጥራዝ ሙዚቃ አሳትማለች። ክላራ ግን አልሰማቻትም። ማንም አልደገመላትም። ያልተደገመ ሥራ ከኋላ የምትመጣዋን ሴት ብቻዋን ያስቀራታል።

ደግነቱ ክላራ ቃሏን ሙሉ በሙሉ አልጠበቀችም። በ1846 ይህን ትሪዮ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ በርሊን ሄዳ ከፋኒ ጋር ተዋወቀች። ሁለቱም ትሪዮ የጻፉ፣ ሁለቱም በታዋቂ ወንድ ስም ጥላ ሥር ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ፋኒ በወንድሟ፣ ክላራ በባሏ በደራሲው በሮበርት ሹማን። ተዋደዱ። ዕድሜ ቢሰጣቸው ምን ያወሩ ነበር? ፋኒ ግን በወራት ውስጥ ሄደች። ክላራም ከዓመታት በኋላ መጻፉን ተወችው። ከ1990 ጀምሮ ዩሮ እስኪመጣ ድረስ የጀርመን 100 ማርክ ላይ የክላራ ፊት ነበር። ሰው ሁሉ በኪሱ ይዟት ዞሯል። ትሪዮዋን የሰማው ግን ስንቱ ነው?

እሺ፣ ወደ ሦስተኛው። እንዴት እንስማ?

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። "የሴት ድምፅ" አትፈልጉ። እንዲህ የምለው በሬቤካ ክላርክ ታሪክ ምክንያት ነው። ክላርክ ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቀውን ቪዮላ የምትጫወት እንግሊዛዊት ናት። አባቷ ከቤት ስላባረራት በቪዮላዋ ራሷን ማስተዳደር ነበረባት። በ1918 ኒውዮርክ ውስጥ ባቀረበችው ኮንሰርት የራሷ ሥራዎች በፕሮግራሙ ላይ በዙባት። ስሟን ደጋግሞ ማየት አሳፈራትና ለአንዱ ሥራ አንተኒ ትሬንት የሚል የወንድ ስም ሰጠችው። ጋዜጦቹ ትሬንትን አነሱት፤ በራሷ ስም የወጡትን ግን እምብዛም አላዩአቸውም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1919፣ ስም ተደብቆ በሚዳኝ ውድድር ላይ የቪዮላ ሶናታዋ ከ72 ሥራዎች መካከል ከደራሲው ከኤርነስት ብሎክ ሥራ ጋር እኩል ሆነ። ማለያውን ድምፅ አግኝቶ ያሸነፈው ብሎክ ነው። የእሷ ማንነት ሲገለጥ ግን ሴት እንዲህ ልትጽፍ አትችልም የሚል ወሬ ተናፈሰ። ሬቤካ ክላርክ የሚባል ሰው የለም፣ የብሎክ የብዕር ስም ነው ያሉም ነበሩ።

ጆሯቸው አልነበረም የሰማው። ዓይናቸው ነው የሰማው። እኛ ዛሬ በጆሯችን እንስማ። የክላርክ ትሪዮ የ1921 ነው። ሲጀምር ፒያኖው አንዱን ድምፅ ደጋግሞ ይመታል፣ እንደ ማንቂያ። ያን ምት ያዙት። በሦስቱም ክፍል ይመለሳል። ለስልሶ ይመጣል፣ ከሩቅ ይመጣል። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ሞቅ ብሎ ሳለ እንደገና ሲመጣ እኔ እስካሁን ቆዳዬ ይሸማቀቃል። ክላርክ ብዙ ዕድሜ ታድላለች። 90 ዓመት ሲሞላት ሰዎች እንደገና አስታወሷት፤ ሥራዎቿንም መጫወት ጀመሩ። ሁለተኛው ምሽቷ ሲመጣ በሕይወት ነበረች። በጣም ጥቂቶች ናቸው ይህን ያዩ።

ሊሊ ቡላንዤ አላየችም። በ1913፣ በ19 ዓመቷ፣ በፈረንሳይ ለወጣት የጥበብ ሰዎች በውድድር የሚሰጠውን ትልቁን የሮም ሽልማት በሙዚቃ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከልጅነቷ ጀምሮ በሽተኛ ነበረች። በ1918 በ24 ዓመቷ አረፈች። ዛሬ የምንጫወተው በመጨረሻዎቹ ወራቷ የጻፈችውን ነው። ርዕሱ "የጸደይ ማለዳ" እንደማለት ነው። ሞት ደጃፏ ላይ ቆሞ እሷ ስለ ማለዳ ጻፈች። ይህን ታሪክ አውቄ ስጫወተው ሐዘን ፈልጌበት ነበር። የለም። ብርሃን ነው፣ ቀልጣፋ ነው፣ ይሮጣል። አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

በልምምድ ጊዜ "አጭር ናት፤ ታልፋለች፤ ሰው ሳይዛት ታልቃለች" ብዬ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። የአዛውንቱንም ጥያቄ ነገርኳቸው። ፒያኒስቱ እርሳሱን አስቀመጠና "ታዲያ ለምን ሁለቴ አንጫወታትም?" አለ።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ስሟን ሁለት ጊዜ ስታዩ የማተሚያ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። የሊሊን ማለዳ አሁን በመጀመሪያ እንጫወታለን። ቀጥሎ ፋኒ፣ ከዚያ ክላራ። ዕረፍት እናደርጋለን። ስንመለስ ክላርክ። ምሽቱ ከማለቁ በፊት ደግሞ የሊሊን ማለዳ እንደገና።

እነዚያ አዛውንት ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም፤ መብራቱ ዓይኔ ላይ ነው። ካሉ ግን ይስሙኝ፣ አባቴ፤ የክላራ ሦስተኛው ክፍል ዛሬ ነው። በመጨረሻ እኔ ጋ ስትመጣ አዳምጡኝ።

ሴሎዬን ላምጣ።